የጽሑፍ ጌም በጆሮ፦ ዝም የሚለው ጌሙ ነው ወይስ ማጫወቻው?

መጀመሪያ ቀን አንድ የድሮ የጽሑፍ ጌም ብሮውዘር ላይ ከፍቼ «ኤል»ን ተጫንኩ። «ኤል» በእነዚህ ጌሞች «ሉክ» ለሚለው ቃል ማሳጠሪያ ነው፤ የት እንዳለሁ ንገረኝ ማለት ነው። የኮምፒውተሬ ድምፅ ግን «ኖ ኔክስት ሊስት» አለኝ። ገጹ ላይ ዝርዝር የለም ማለቱ ነው። «ኤክስ»ን ሞከርኩ፣ አንድን ነገር ቀረብ ብሎ ለመመርመር። ቼክ ቦክስ የለም አለኝ። «አይ» ብዬ በእጄ ምን እንዳለ ጠየቅኩት፤ አሁንም የለም። ጌሙ የተበላሸ መስሎኝ ዘጋሁትና ሁለት ሳምንት ዞር ብዬ አላየሁትም።

ጌሙ ደህና ነበር። የጻፍኳቸው ፊደሎች ጭራሽ አልደረሱትም እንጂ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኤንቪዲኤ የሚባለው ነጻ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልን ፕሮግራም፣ ብሮውዘር ላይ ሲሆን ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንዱ ለማንበብ፣ አንዱ ለመጻፍ። በማንበቢያው ላይ እያላችሁ አንድ ፊደል ከነካችሁ እንደ አቋራጭ ይወስደዋል። «ኤል» ቀጣዩን ዝርዝር ይፈልጋል፣ «ኤክስ» ቼክ ቦክስ፣ «አይ» ደግሞ ዝርዝር ውስጥ ያለ አንድ ነጥብ። እኔ ዋሻ ውስጥ ገብቼ የምዞር መስሎኝ ገጹን ስበረብር ነበር። ኢንሰርትን ይዞ ስፔስ መጫን ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ስለዚህ ጉዳይ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ የፈለግኩት ለዚህ ነው። «ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ለዓይነ ስውር ይመቻል» የሚል አባባል አለ፤ እውነትነት አለው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ያንን ይዞ የገባ ሰው የመጀመሪያው ዝምታ ሲያጋጥመው «እኔ አልችልም» ብሎ ይተወዋል። እውነቱ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሰውየውም ከጌሙም አይደለም፣ መሃል ላይ ካለው ፕሮግራም ነው። እሱን መቀየር ደግሞ ይቻላል።

ጌሙን ለማያውቁት፦ ምስል የለውም። ኮምፒውተሩ ያላችሁበትን ቦታ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይነግራችኋል፣ እናንተ ማድረግ የምትፈልጉትን ትጽፋላችሁ። ወደ ሰሜን ሂድ። ሳጥኑን ክፈት። ፋኖሱን አብራ። የሆነውን ይነግራችኋል፣ ትቀጥላላችሁ። ልጅ ሆነን ማታ ማታ «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» የምንባባለውን ይመስለኛል። አንዱ በቃል ያቀርባል፣ ሌላው በቃል ይፈታል፣ መፍታት ያቃተው አገር ይሰጥና መልሱን ይሰማል። እንቆቅልህ ስንጫወት ደግሞ መብራት ኖረ ጠፋ ለውጥ አልነበረውም፤ እኔም ጓደኞቼም እኩል ነበርን። እነዚህን ጌሞች የምወዳቸው በዚህ ነው። ለዓይነ ስውር ተብሎ የተቀነሰ ነገር የላቸውም። የሚያይ ሰው የሚያገኘው ቃል እና እኔ የማገኘው ቃል አንድ ነው።

ጅምሩም ጨለማ ውስጥ ነው። ዊል ክራውዘር የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ኬንታኪ ውስጥ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ ከባለቤቱ ከፓትሪሺያ ጋር እየገባ ካርታውን የሚያነሳ ሰው ነበር። ከተፋቱ በኋላ፣ በ1975 እና በ1976 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ለሴት ልጆቹ ብሎ ዋሻውን በቃል የሚያስኬድ ጌም ሠራ። በ1977 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዶን ዉድስ አሰፋው፣ አስማትና ውድ ዕቃ ጨመረበት። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው ትልልቆቹን ኮምፒውተሮች የሚያናግረው ወረቀት ላይ በሚያትም ማሽን ነበር፤ ትጽፋለህ፣ መልሱ መስመር በመስመር እየታተመ ይወርዳል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ስክሪን ሪደር የሚወደው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው፦ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ፣ አንዴ ከወጣ ወዲያ ቦታውን የማይቀይር።

ከዚያ ዞርክ መጣ። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ አራት ወጣቶች፣ ቲም አንደርሰን፣ ማርክ ብላንክ፣ ብሩስ ዳኒየልስ እና ዴቭ ሌብሊንግ፣ ከ1977 ጀምረው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ሠሩት። በ1979 ኢንፎኮም የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፣ ዞርክንም ለቤት ኮምፒውተር ለመሸጥ ተነሡ። እዚህ ላይ ነው የኔ ወሬ ዋናው ቦታ ላይ የሚደርሰው።

በዚያን ጊዜ የቤት ኮምፒውተር አንድ ዓይነት አልነበረም። አፕል 2 አለ፣ ቲአርኤስ-80 አለ፣ አታሪ አለ፣ ኋላ ላይ ኮሞዶር 64 እና አይቢኤም ፒሲ መጡ። ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም ሌላው ላይ አይሠራም። እያንዳንዱን ጌም ለእያንዳንዱ ማሽን እንደገና መጻፍ ደግሞ ዕድሜ ይፈጃል። ስለዚህ ማርክ ብላንክ እና ጆኤል ቤሬዝ አንድ ዘዴ አመጡ፦ የትም የሌለ፣ በሐሳብ ብቻ ያለ ኮምፒውተር ፈጠሩ። ዚ-ማሽን አሉት። ጌሞቹን ሁሉ ለዚያ ለሌለው ኮምፒውተር ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ እውነተኛ ማሽን «እኔ ዚ-ማሽን ነኝ» ብሎ የሚያስመስል ትንሽ ማጫወቻ ሠሩ።

ካሴትና ቴፕ አስቡ። ካሴቱ ላይ ያለው ዘፈን አንድ ነው፤ ቴፑ ግን የጎረቤትም ይሁን የታክሲው ይጫወታል። ቴፑ ቢበላሽ ካሴቱን አትጥሉም። በጌሙ በኩል ካሴቱ የታሪክ ፋይል ይባላል፤ ቦታዎቹ፣ ዕቃዎቹ፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ አሉ። የመጀመሪያው ዞርክ የታሪክ ፋይል 100 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም፤ ዛሬ በስልክ ከምናነሳት አንዲት ፎቶ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ቴፑ ደግሞ ማጫወቻ ፕሮግራሙ ነው።

በ1979 እነዚያ ሰዎች ይህን ያደረጉት ለገበያ ብለው ነው። ውጤቱ ግን ለኛም ተረፈ። ኢንፎኮም በ1986 አክቲቪዥን ለሚባል ሌላ የጌም ኩባንያ ተሸጠ፣ በ1989 ተዘጋ። ካሴቶቹ ግን ቀሩ። ጌሙን የሚወዱ ሰዎች ፋይሉ እንዴት እንደሚነበብ በራሳቸው መርምረው አወቁና አዳዲስ ማጫወቻ ጻፉ፤ በሰፊው የታወቀው በ1990ዎቹ የወጣው ፍሮትዝ ነው። ዞርክ 1 ገበያ ላይ ሲወጣ ኤንቪዲኤ አልነበረም፣ ጃውስ የሚባለው ሌላው ስክሪን ሪደርም አልነበረም። ሆኖም የ1980ው የታሪክ ፋይል አንዲት ፊደል ሳይነካበት በዛሬ ስክሪን ሪደር ይነበባል፤ ምክንያቱም መቀየር የነበረበት ቴፑ ብቻ ነው። ሥዕል ያላቸው የዚያ ዘመን ጌሞች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

ታዲያ ለምን አንዳንዴ ዝም ይላል?

ስክሪን ሪደር ስክሪኑን አያይም። ስሙ ያሳስታል እንጂ ዓይን የለውም። የሚያደርገው መጠየቅ ነው፤ በዊንዶውስ ወይም በሌላው ሲስተም በኩል ፕሮግራሙን «ምን ይዘሃል?» ይለዋል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ካስረከበው ያነበዋል። አንዳንድ ማጫወቻ ግን ፊደሎቹ እንዲያምሩ ብሎ ራሱ እንደ ሥዕል ይስላቸዋል። ለሚያይ ሰው መጽሐፍ የመሰለ ገጽ ይታየዋል፤ ስክሪን ሪደሩ ሲጠይቅ ግን ባዶ መስኮት ነው የሚያገኘው። ቴሌግራም ላይ የስብሰባ ማስታወቂያ በፎቶ ሲላክልን ስልካችን «ፎቶ» ብሎ እንደሚያልፈው ማለት ነው። ማስታወቂያው ውስጥ ቃል አለ፣ ለኛ ግን የለም።

ሁለተኛው ዝምታ ብሮውዘር ላይ የሚያጋጥም ነው። ጽሑፉ እውነተኛ ጽሑፍ ነው፤ ግን አዲስ መስመር መጨመሩን ለስክሪን ሪደሩ የነገረው የለም። ገጹን የሠራው ሰው «ይህ ቦታ ላይ ጽሑፍ ይጨመራል፣ በተጨመረ ቁጥር አንብብ» የሚል ምልክት ማድረግ አለበት። ምልክቱ ካለ ትእዛዝ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ መልሱ ወዲያው ይነበባል። ከሌለ ግን በየትእዛዙ ወደ ማንበቢያው ተመልሳችሁ መልሱን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማውጣት ነው። ይቻላል፣ ግን ያደክማል፤ የጨዋታውን ስሜትም ይገድላል።

ሦስተኛው ዝምታ ሳይሆን ጫጫታ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ጌሞች ከላይ አንዲት መስመር አላቸው፦ የክፍሉ ስም፣ ነጥብ፣ ስንት እርምጃ እንደሄዳችሁ። ማጫወቻው በየትእዛዙ ወደዚያች መስመር ሮጦ ይጽፍና ይመለሳል። ዓይን ሳያስበው ያልፈዋል። ጆሮ ግን የታሪኩ መሃል ላይ «ኩሽና፣ 10፣ 14» የሚል ነገር ይሰነቀርበታል።

ለሁለቱ ዝምታዎች የኔ መፍትሔ አንድ ነው፦ ከሁሉም ቀላሉን ማጫወቻ መምረጥ። ፍሮትዝ «ደምብ ፍሮትዝ» የሚባል ወንድም አለው። መስኮት አይከፍልም፣ ቀለም የለውም፣ ወደ ላይ ወደ ታች አይሮጥም። ተርሚናል ውስጥ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት መስኮት፣ ዝም ብሎ ጽሑፉን ያወርደዋል፣ ልክ እንደዚያ የወረቀት ማሽን። ስሙ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ተርሚናል የሚከብደው ሰው በዊንዶውስ ፍሮትዝ መጀመር ይችላል፤ እንደማንኛውም ፕሮግራም ፋይሉን መርጦ መክፈት ነው። ብሮውዘር ላይ መጫወት ለሚፈልግ ደግሞ ፓርችመንት የሚባለው አለ፤ እዚያ ላይ ያችን ኢንሰርትና ስፔስ አትርሱ።

ማጫወቻው ከተስተካከለ በኋላ የራሳችን ድምፅ ማስተካከል ይቀራል። የምነግራችሁ በኤንቪዲኤ ነው፤ የኤንቪዲኤን የላፕቶፕ ቁልፍ አቀማመጥ ለምትጠቀሙ ቁልፎቹ ትንሽ ይለያሉ። ጌሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ኢስፒክ በሚባለው የንባብ ድምፅ በአማርኛ የምታነቡ ከሆነ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። ኢንሰርትና 2 የጻፋችሁትን እያንዳንዱን ፊደል ማንበቡን ያስቆማል፤ ኢንሰርትና 3 ሙሉ ቃል እንዲያነብ ያደርጋል። እኔ ፊደሉን አጥፍቼ ቃሉን እተዋለሁ፤ ስሳሳት እሰማለሁ፣ ጆሮዬም አይሞላም። ጌሙ ትእዛዝ ሲጠብቅ የሚያሳየው ምልክት «ግሬተር» ተብሎ እየተነበበ ከሰለቻችሁ በኢንሰርትና ፒ የምልክት ንባቡን ቀንሱ። ኮንትሮል ንግግሩን ያቆማል። ነምፓዱ፣ ማለትም ኪቦርዱ በስተቀኝ ያለው የቁጥር ሰሌዳ፣ ላይ 8 ያላችሁበትን መስመር ይደግማል፣ 7 ወደ ላይ፣ 9 ወደ ታች ይወስዳል።

5 ቁጥርን ለብቻዋ ልንገራችሁ። ዞርክ ውስጥ ጨለማ ላይ የሚጠብቅ አንድ አውሬ አለ፤ መብራት ሳትይዙ ብትዞሩ ይበላችኋል። ስሙ «ግሩ» ነው። የኮምፒውተሩ ድምፅ ሲያነበው ግን በእንግሊዝኛ «አደገ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው የሚሆነው። እኔ ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ያደገ ይመስለኝ ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩ አልገጥም ብሎኝ ቆሞ ቀረ። ነምፓድ 5 ሁለት ጊዜ ሲጫን ቃሉን በፊደል ይቆጥረዋል። ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ የሆነ ስም በሰማሁ ቁጥር አስቆጥረዋለሁ፤ መጻፍ የሚቻለው በትክክል የሰሙትን ነውና። ደግነቱ የመጀመሪያዎቹ የኢንፎኮም ጌሞች ከአንድ ቃል የሚያነቡት ስድስቱን የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ነው፣ የማስታወሻ ቦታ ለመቆጠብ። ረጅም ቃል መጨረሻው ላይ ብትሳሳቱ ግድ የለም።

ፍጥነትንም ቀንሱ። ዜና የምንሰማበት ፍጥነት ለዚህ አይሆንም። ፍንጩ ብዙውን ጊዜ አንዲት ቅጽል ላይ ነው ያለው፣ «በትንሹ ገርበብ ያለ» መስኮት ላይ ለምሳሌ።

ቀጥሎ ካርታ። የሚያዩት ወረቀት ላይ ሣጥንና መስመር ይሥላሉ። እኔ ኖትፓድ ከፍቼ በአጭሩ እጽፋለሁ፦ «ኩሽና፤ ምዕራብ ሳሎን፤ ምሥራቅ ውጪ»። አንድ ክፍል፣ አንድ መስመር። የት እንዳለሁ ሲጠፋኝ የክፍሉን ስም ፈልጌ መስመሩን አነባለሁ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፋይሉን መክፈት እየተረሳ ይመጣል፤ ሰፈር እንደመልመድ ነው፣ በስንተኛው እርምጃ እንደምትታጠፉ እግር ያውቀዋል።

የሁለቱም ጌሞች፣ የዋሻውም የዞርክም፣ ፈተና የሚባለው ግን የተጠላለፈው መተላለፊያ ነው። በክራውዘርና በዉድስ ዋሻ ውስጥ በዚህ መተላለፊያ ላይ ያለ እያንዳንዱ ክፍል መግለጫው ቃል በቃል አንድ ነው። ወደ ሰሜን ሄዳችሁ ወደ ደቡብ ብትመለሱ የነበራችሁበት ላትደርሱ ትችላላችሁ። መፍትሔው አንድ ዕቃ መጣል ነው። እዚህ ሳንቲም፣ እዚያ ቁልፍ። ክፍሎቹ ያኔ መለየት ይጀምራሉ፣ ምክንያቱም መግለጫው «እዚህ ሳንቲም አለ» ይላል። ይህን ዘዴ የሚያይም የማያይም ያው እንደዚሁ ነው የሚጠቀመው። እዚያ ውስጥ ዓይን ምንም አይረዳም።

የማይሆነውንም መናገር አለብኝ። ኢንፎኮም ከ1982 ጀምሮ ከጌሙ ጋር ሣጥን ውስጥ ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ ካርታ ያስገባ ነበር። አንዳንዱ ለጌጥ ነው፤ አንዳንዱ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ካላወቃችሁ አያሳልፍም። ስታርክሮስ የሚባለው ጌም ገና ከመነሻው ከካርታው ላይ ቁጥር ይፈልጋል። ዛሬ በብዛት የሚገኙት የእነዚያ ወረቀቶች ስካን ናቸው፣ ማለትም እንደገና ፎቶ። የሚያይ ጓደኛ ጠርቶ ማስነበብ እንጂ ሌላ መላ የለኝም። ከሰረዝና ከነጠብጣብ የተሠራ ሥዕል ሲያጋጥማችሁ ደግሞ «ዳሽ ዳሽ ባር» እያለ እስኪጨርስ አትጠብቁ፣ ኮንትሮል ብላችሁ እለፉት።

በነገራችን ላይ በአማርኛ የሚታዘዝ እንዲህ ያለ ጌም ለመሥራት የሚያስብ ሰው ካለ አንድ ነገር ልጠቁም። የነዚህ ጌሞች ትእዛዝ አንባቢ መጀመሪያ ግስ ይጠብቃል፤ ክፈት ከዚያ ሳጥን። እኛ «ሳጥኑን ክፈት» ነው የምንለው። ግሱ መጨረሻ ላይ፣ ዕቃው ላይ ደግሞ «ኡን» ተለጥፎበት። ተጫዋቹ የሚያዛት ገጸ ባሕርይ ሴት ከሆነች ደግሞ ትእዛዙ «ክፈች» ይሆናል። ቃላቱን ተርጉሞ ማስገባት ብቻ አይበቃም፤ አንባቢው ራሱ የአማርኛ አገባብ እንዲያውቅ ሆኖ መጻፍ አለበት። ለፈረንሳይኛ፣ ለስፓኒሽና ለጀርመንኛ ተሠርቷል። እኔ አንድ ቀን «ፋኖሱን አብራ» ብዬ መልሱን በአማርኛ ድምፅ መስማት ከልቤ እፈልጋለሁ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ ዞርክን ሞክሩ። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2025 የዞርክን ሦስቱንም ክፍሎች ሶርስ ኮድ፣ ማለትም የተጻፉበትን ኮድ፣ ነጻ አድርጎ ለቆታል። ስትጀምሩ ከአንድ ነጭ ቤት በስተምዕራብ ናችሁ፣ በሩ በጣውላ ተመቷል። መጀመሪያ «ቨርቦስ» ብላችሁ ጻፉ፤ አንድ ክፍል በገባችሁ ቁጥር ሙሉ መግለጫውን ይነግራችኋል። አለበለዚያ ሁለተኛ ስትመለሱ ስሙን ብቻ ነው የሚለው፤ የሚያዩት ወደ ላይ ቀና ብለው የቀደመውን ያነባሉ፣ ለኛ ግን የተነበበው አልፏል። ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሂዱ፤ ከቤቱ ጀርባ ናችሁ። ያ ገርበብ ያለው መስኮት እዚያ ነው። ክፈቱትና ግቡ። ከኩሽናው ወደ ምዕራብ ሳሎኑ አለ። ፋኖሱንና ሰይፉን ውሰዱ። ምንጣፉን ግፉት፤ ከሥሩ ወለሉ ላይ የተዘጋ በር አለ።

ከመውረዳችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ የሠሩትን መልሶ የሚያጠፋ ትእዛዝ በዚህ ጌም የለም። የወለሉን በር ክፈቱ። ፋኖሱን አብሩ። ውረዱ። በሩ ከላያችሁ ይዘጋል፣ የሆነ ሰው ሲቀረቅረው ይሰማል። እዚያ ቆማችሁ ሰይፉ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ብርሃን መስጠቱን የሚናገር አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። ጠላት ቅርብ ነው ማለት ነው፣ በስተሰሜን ባለው ክፍል።